ሂተሩ መቶ ፐርሰንት ነው ላለው ወንድሜ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን የማገኘው እዚህ ሲያትል፣ ደቡቡ በኩል ካለች አንዲት የሐበሻ ሱቅ ነው። እንጀራ ልገዛ ስገባ ካሼሯ ጎን ተከምሮ ስለማየው አንድ አንስቼ እወጣለሁ፣ ብዙ ጊዜ ቤት ወስጄ ነው የማነበው። ባለፈው ያወጣችሁትን አንድ ደብዳቤ ግን እዛው ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት፣ እንጀራውም ቀዘቀዘ።

ወንድማችን ጓሮው ላይ ትንሽ ቤት ሊሰራ ፕላን አስገብቶ፣ ቤዝቦርድ ሂተር (ግድግዳ ስር የሚተኛውን ረጅም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ብቻ መግጠም አትችልም ስለተባለ ተናዶ የፃፈው ነው። ኤሌክትሪክ ሂተር መቶ ፐርሰንት ነው፣ የገባው መብራት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ከመቶ በላይ ምን ሊያመጡ ነው፣ ይሄ ማሽን ለማሻሻጥ የወጣ ህግ ነው ይላል። ወንድሜ አልፈርድብህም። እኔም ይሄንኑ ብዬ ነበር፣ ያውም ኤሌክትሪሺያን ሆኜ።

በፈረንጆቹ 2022 ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከኛ ጋር ልትኖር ስለሆነ ጓሯችን ላይ ሁለት መኝታ ያላት ትንሽ ቤት ልሰራላት ተነሳሁ። ፕላኑን የሳለው ሌላ ልጅ ነው፣ የኤሌክትሪኩን ገፅ ግን ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ ሰራሁት። ሳሎን አንድ ባለ 6 ጫማና አንድ ባለ 4 ጫማ ቤዝቦርድ፣ መኝታ ቤቶቹ ለየራሳቸው ባለ 3 ጫማ፣ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ውስጥ የምትገባ ትንሽዬ ባለ 500 ዋት። ቤዝቦርድ ያው እንደሚታወቀው በአብዛኛው ለአንድ ጫማ 250 ዋት ስለሆነ ሲደመር 4,500 ዋት መጣ። ባለ 20 አምፒር ብሬከር ላይ በ240 ቮልት ለረጅም ሰአት ከ3,840 ዋት በላይ ስለማይጫን ሁለት መስመር ላይ ከፈልኩት። ሽቦው፣ ብሬከሩ፣ ቴርሞስታቱ፣ ሁሉም ነገር ንፁህ። ኢንስፔክተሩ መጥቶ እጄን ጨብጦኝ ነው የሚሄደው ብዬ ነበር እኮ።

ኢንስፔክተሩ ጋ ሳይደርስ ፕላኑ ማስታወሻ ተለጥፎበት ተመለሰ። ያላሰብኩት ምንድነው፣ የኤሌክትሪክ ኮድና የኢነርጂ ኮድ (ኮድ ያው የግንባታ ህግ ነው) ሁለት የተለያዩ መፅሐፎች ናቸው። እኔ ስሰራበት የኖርኩት ቤቱ እንዳይቃጠል የሚጠብቀውን ነው። ሌላኛው ቤቱ ስንት ይበላል የሚለውን ነው የሚያየው፣ እሱን ከፍቼው አላውቅም፣ ብዙ የሙያ ጓደኞቼም አይከፍቱትም።

ማስታወሻው የሚለው ባጭሩ፣ ለብቻው የቆመ ቤት ወይም ባለ ሁለት ቤተሰብ ቤት ወይም ታውንሃውስ ሆኖ ዋና ማሞቂያው በየክፍሉ የሚገጠም ኤሌክትሪክ ሂተር ከሆነ፣ ትልቁ ክፍል ውስጥ ኢንቨርተር ያለው (ፍጥነቱን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ) ሚኒ ስፕሊት ሂት ፓምፕ፣ ማለት አንዱ ክፍሉ ውጭ ሌላው ቤት ውስጥ ሆኖ ሙቀት ከውጭ አየር የሚያመጣ ማሽን፣ መግባት አለበት ነው። ያኔ የሚሰራበት የዋሽንግተን ስቴት የኢነርጂ ኮድ የ2018ቱ የሚባለው ነበር፣ ስሙ 2018 ይሁን እንጂ ስራ ላይ የዋለው ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ ነው። ቤዝቦርዱ አንዱ መቶ ዶላር አይሞላም። ሚኒ ስፕሊቱን ከነመግጠሚያው የመጀመሪያው ኮንትራክተር 6 ሺህ ምናምን ሲለኝ ስልኩን ዘግቼ ሚስቴ ላይ ጮህኩ፣ እሷ ምን አደረገች። ሁለተኛው ወረድ አለ፣ ግን ያም ቢሆን በሺዎች ነው።

እንግዲህ ወደ መቶ ፐርሰንቱ ልምጣ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

አባቴ ደብረ ብርሃን የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠጋኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማገኘው መሬት ላይ ተቀምጦ የተገለበጠ ምጣድ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው፣ ሸክላው ጀርባው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ዙሪያውን የተቦረቦረ ቦይ አለው፣ ጥቅልሉ ሬዚስታንስ እዛ ቦይ ውስጥ ይተኛል። ሽቦው ሲበጠስ ሰዉ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ እያገናኘ መልሶ ይሰካዋል፣ አንዴ ሁለቴ ሲደጋገም ሽቦው ያጥራል፣ ሽቦ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ብዙ ከረንት ነው የሚስበው፣ በአንድ በኩል እንጀራው ያርራል ወይ ቫልቮላው ይቃጠላል። አባቴ ይሄን የሚያመጡለትን ሴቶች ይቆጣ ነበር። ማለት የፈለኩት፣ እኛ ሐበሾች ሬዚስታንስ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምረን አይችልም፣ ከሱ ላይ እንጀራ በልተን ነው ያደግነው። ቤዝቦርድ ሂተር ደግሞ ያው ምጣድ ነው፣ ቀጥ ብሎ ግድግዳ ስር ተኛ እንጂ።

ስለዚህ ወንድሜ ትክክል ነህ፣ መቶ ፐርሰንት ነው። አንድ ኪሎዋት ሰአት ታስገባለህ አንድ ኪሎዋት ሰአት ሙቀት ታገኛለህ፣ የሚባክን የለም። ምጣድ ግን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት፣ አለዚያ እንጀራው አይን አያወጣም፣ እዛ ላይ ሬዚስታንስ ቦታው ነው። ሳሎን እኮ 20 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ሽቦ የሚያቀላ ሀይል አምጥቶ ክፍል ለብ ማድረግ፣ ለአንድ ስኒ ቡና ሶስት ጉልቻ ላይ ጎላ እንደመጣድ ነው። ለብ ለማድረግ ሌላ መንገድ ስላለ ነው ኮዱ የተናገረው።

ሌላው መንገድ ደግሞ ቤትህ ውስጥ አለ፣ ፍሪጅህ ነው። የፍሪጅን ጀርባ በእጅህ ንካው፣ ይሞቃል። ያ ሙቀት ከየት መጣ፣ ከውስጥ ካለው ወተትና ሽንኩርት ተወስዶ ነው ወደ ውጭ የተጣለው። ሂት ፓምፕ ማለት የተገላበጠ ፍሪጅ ነው፣ ውጭ ያለውን አየር እንደ ወተቱ ያየዋል፣ ከሱ ሙቀት ይለቅምና ሳሎንህ ውስጥ ይጥለዋል። ውጭ 5 ዲግሪ ሆኖ ምን ሙቀት አለ ትላለህ፣ እኔም ብያለሁ፣ ግን አለ። ጋዙ ከዛ በታች ቀዝቅዞ ስለሚዞር ከ5 ዲግሪውም አየር ይወስዳል። መብራቱ የሚያገለግለው ሙቀት ለመፍጠር ሳይሆን ለማጓጓዝ ነው፣ ለዚህ ነው በአንድ ኪሎዋት ሰአት ሁለት ሶስት ኪሎዋት ሰአት ሙቀት የሚሰጠው። ከመቶ በላይ የምትለው ነገር ይሄ ነው፣ አስማት የለበትም፣ የማጓጓዣ ዋጋ ብቻ ስለምትከፍል ነው። ቅዝቃዜው በጣም ሲጠና አቅሙ ይወርዳል፣ ይሄን አልደብቅህም፣ ከካስኬድ ተራራ ወዲያ ማዶ ስፖኬን በኩል ብትሆን ማሽኑን ስትመርጥ ለብርድ የተሰራውን ትጠይቅ ነበር። ሲያትል ግን ክረምቷ ዝናብና ጭጋግ ነው፣ ለሂት ፓምፕ የተመቸ ብርድ ነው።

በገንዘብ ልንገርህ። አንዱን ባለ 6 ጫማ ቤዝቦርድ ውሰድ፣ 1,500 ዋት። በቀን ስምንት ሰአት ቢነድ 12 ኪሎዋት ሰአት ነው። ለሂሳብ እንዲመች ኪሎዋት ሰአቱን በ13 ሳንቲም እንቁጠረው፣ የራስህን ቢል አይተህ ቀይረው። በቀን 1 ዶላር ከ56፣ በወር ወደ 47 ዶላር፣ ለአንዷ ቤዝቦርድ ብቻ። ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፕ ሶስት እጥፍ እየሰጠ ቢያመጣው 4 ኪሎዋት ሰአት ነው የሚበላው፣ በወር ከ16 ዶላር አይዘልም። አሁን ይሄን በሳሎንህ ቤዝቦርዶች ልክ አባዛው፣ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ቁጠረው። የማሽኑ ዋጋ በአንድ ክረምት ይመለሳል አልልህም፣ አይመለስም፣ በብዙ ክረምት ነው። ግን ቤት የሚሰራው ለብዙ ክረምት አደል እንዴ።

ህጉ ደግሞ ትናንት ከተማ ውስጥ ያሉ የአረንጓዴ ሰዎች ተሰብስበው ያመጡት እንዳይመስልህ፣ እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ። እዚህ አገር ቤዝቦርድ የበዛው መብራት ርካሽ ስለነበር ነው። ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ቦነቪል ግድብ በ1938 ተከፈተ፣ ግራንድ ኩሊ በ1941 መብራት መስጠት ጀመረ። ግራንድ ኩሊ ዛሬ ከ6,800 ሜጋዋት በላይ ነው፣ የኛው ህዳሴ 5,150 ነው፣ ከዚህ መገመት ትችላላችሁ። መብራት እንደ ውሃ ሲሆን ቤት ሰሪው ጋዝ ከመቅበር ቧንቧ ከመዘርጋት ቤዝቦርድ መቸንከር ቀለለው፣ ሰዉም ተስማማ። ከዛ በሰባዎቹ ውስጥ ፍጆታው እንዲህ እየጨመረ ከሄደ ግድቦቹ አይበቁም ተባለና አምስት የኒውክሌር ማመንጫ ባንዴ መገንባት ተጀመረ። ተሰርቶ ያለቀው አንዱ ብቻ ነው። በ1983 የሁለቱ ቦንድ 2.25 ቢሊዮን ዶላር አንከፍልም ተባለ፣ በከተሞችና በመንግስት ተቋማት ቦንድ ታሪክ እስከዛ ቀን እንዲህ ያለ ኪሳራ አልነበረም። ማመንጫዎቹን ይሰራ የነበረው ድርጅት ስም ባጭሩ ሲነበብ «ውፕስ» ስለሚል ህዝቡ በሱ ይቀልድ ነበር፣ እኛ «ውይ!» እንደምንለው ማለት ነው።

ከዛ ውይታ የተማሩት ነገር፣ ከኪሳራው ቀደም ብሎ በ1980 የወጣ የፌደራል ህግም ይሄንኑ ይል ነበር፣ አዲስ ማመንጫ ከመገንባት ያለውን መቆጠብ ይረክሳል የሚል ነው። ቁጠባን ራሱን እንደ ማመንጫ ቆጠሩት። በ1991 የዋሽንግተን ስቴት የቤት ኢነርጂ ኮድ ስራ ላይ ሲውል በሬዚስታንስ የሚሞቅ ቤት በጋዝ ከሚሞቀው የበለጠ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግድ ሽፋን) እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ያኔ እኔ ደብረ ብርሃን የአባቴን ፒንሳ እያቀበልኩ ነበር። ስለዚህ ሬዚስታንስና ኮዱ የተጣሉት ዛሬ አይደለም፣ ሂት ፓምፑ ነው ኋላ የመጣው።

እሺ፣ አሁን ወንድሜ ደብዳቤው ላይ ያላነሳቸውን፣ ለኔም ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገረው፣ ለሱ ባይሆን ለሌላ አንባቢ ይሆናል።

አንደኛ ነገር ቤዝቦርድ አልተከለከለም። እኔን ያስገደዱኝ ትልቁ ክፍል ላይ ብቻ ነው፣ መኝታ ቤቶቹ ውስጥ ዛሬም ባለ 3 ጫማ ቤዝቦርዶቼ አሉ፣ መታጠቢያ ቤት ያችው ባለ 500 ዋት አለች። ወንድሜ ሁሉም ክፍል ሚኒ ስፕሊት መስሎት ከሆነ የተናደደው በሶስት እጥፍ ተጋኖ ነው የተነገረው። ሌላ ደግሞ በዛው ኮድ ውስጥ በጣም ትንሽ ቤት ለሚሰራ ቀዳዳ ነበረች፣ የቤቱ የሂተር አቅም በጠቅላላ ከ2 ኪሎዋት ካልበለጠ ሚኒ ስፕሊቱ አይጠየቅም። የኔ 4,500 ስለሆነ አለፈኝ። አንድ ክፍል ብቻ ያላት ስቱዲዮ፣ ኢንሱሌሽኗና መስኮቷ ጥሩ የሆነ፣ እዚህ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ግን እሷም በነፃ አይደለችም፣ ኮዱ ሀይል ለሚቆጥብ ነገር የሚሰጠው ነጥብ የሚባል ነገር አለው፣ ከ1,500 ስኩዌር ፊት በታች የሆነ ቤት ያኔ 3 ነጥብ መሰብሰብ ነበረበት፣ ሬዚስታንስ ብቻ ስትጠቀም ከዜሮ ሳይሆን ከማይነስ 1 ትጀምራለህ፣ ሚኒ ስፕሊቱን ሳሎን ውስጥ ከጨመርክ ግን ፕላስ ግማሽ። የጎደለህን በመስኮት፣ በአየር መዝጋት፣ በውሃ ማሞቂያ ትሞላዋለህ። እኔ ይሄን የሰማሁት ሚኒ ስፕሊቱ ከተሰቀለ በኋላ ነው፣ ሳሰላው ባይሰቀል ኖሮ ነጥቡን ለመሙላት የማወጣው ብር ብዙም አይለይም ነበር፣ ትንሽ ተፅናናሁ።

እና ቀኑን እይ። ፐርሚት ሙሉ ሆኖ የገባበት ቀን ነው የትኛው ኮድ እንደሚዳኝህ የሚወስነው። ከማርች 15 ቀን 2024 ወዲህ የገባ ፕላን በአዲሱ፣ የ2021 በሚባለው ኮድ ነው የሚታየው፣ ነጥቡም ከፍ ብሏል። ስለዚህ የኔን ቁጥሮች ይዘህ ካውንተሩ ላይ እንዳትከራከር፣ ፕላን የሚያየውን ሰው «በአሁኑ ኮድ ለእንዲህ ያለ ስፋት የሬዚስታንስ ልክ ስንት ዋት ነው» ብለህ ቀጥ አድርገህ ጠይቀው፣ ይሄን ለመመለስ ነው የተቀመጠው። እኔ ሄጄ የተቆጣሁበት ሰውዬ፣ ነገሩን ካበረድኩ በኋላ ግማሽ ሰአት ሙሉ ቁጭ አድርጎ ገፁን አገላብጦ አሳይቶኛል።

ወንድሜ እውነት ያለው ዋጋው ላይ ነው። በብድር ጓሮ ላይ ቤት ለሚሰራ ታክሲ ነጂ፣ ለፓርኪንግ ሰራተኛ፣ የመጀመሪያው ቀን ወጪ ነው የሚገድለው፣ በአስር አመት ይመለሳል ብትለው የአስር አመት ገንዘብ ዛሬ ኪሱ ውስጥ የለም። ነባር ቤቱ ላይ ሂት ፓምፕ ለሚያስገጥም ሰው የፌደራል መንግስት ወጪውን 30 ፐርሰንት፣ እስከ 2,000 ዶላር፣ ከታክስ ይቀንስለት ነበር፣ እሱም በ2025 መጨረሻ አበቃ። ቤዝቦርድ ደግሞ ሰላሳ አመት ቢቆይ ከአቧራ ሌላ ምንም አያምረውም፣ ሚኒ ስፕሊቱ ፊልተር ይታጠብልኝ፣ ውጭ ያለው ክፍሌ ላይ ቅጠል አይከመርብኝ ይላል፣ ከተበላሸም የሚጠግነው እኔና አንተ አይደለንም። ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ህጉን ሲያወጣ ገንዘቡንም ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ነበረበት እላለሁ።

የኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ከወንድሜ በተቃራኒ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ህጉ አዲስ ቤት የሚሰራውን ብቻ መያዙ ነው። አዲስ ቤት የሚሰራ እኮ ደህና ሰው ነው። በሬዚስታንስ የሚሰቃዩት የኛ ሰዎች ያሉት አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነው።

አምና ጃንዋሪ ላይ ከቤተክርስቲያን አንድ ሰው ደወለልኝና እማማ እገሊት ቤት መብራት እየጠፋ ነው እይላቸው አለኝ። በሰባዎቹ መጨረሻ አካባቢ የተሰራ ህንፃ ነው፣ መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት፣ ፍሬሙ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ በኩል ውሃ እያንጠባጠበ። ገብቼ ፓኔሉን ስከፍት መብራቱ አልጠፋም፣ ራሳቸው ናቸው ያጠፉት። ከአምስቱ ሂተሮች የአራቱን ብሬከር አውርደው ሳሎን ውስጥ አንዷን ብቻ ትተው እዛው ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ሶፋውን ደግሞ ሙቀት እንዲያገኙ ብለው ቤዝቦርዱ ላይ ለጥፈውታል፣ ስቤ ሳወጣው የጀርባው ጨርቅ በቁመቱ ሙሉ ቡኒ ሆኗል፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። (እባካችሁ ቤዝቦርድ ፊት ለፊት አንድ ጫማ ያህል ባዶ ቦታ ተዉ፣ መጋረጃም አይውረድበት፣ እዚህ ጋ ካልተናገርኩት የት እናገረዋለሁ።) ቡና አፍልተው ሲጨርሱ ከረከቦቱ ስር የታጠፈ የመብራት ቢል አውጥተው ሰጡኝ፣ ኢትዮጵያ ቢሆን የአንድ ቤተሰብ የአመት ወጪ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ለኔ ነው ለግድግዳው የሚሞቀው?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው። ሂተሩን የመረጠው አከራዩ ነው፣ ቢሉን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። አከራዩ ሂት ፓምፕ ቢያስገባ ትርፉ የእሳቸው ስለሆነ አያስገባም። አንዷ ሂተር በተበላሸች ጊዜ የጥገናው ሰው ያችኑ የመሰለች ይዞ መጥቶ በአስራ አምስት ደቂቃ ቀይሯት ሄደ፣ እኔም ብሆን ሌላ ነገር አላደርግም ነበር። የሲያትል ከተማ በ2021 መጀመሪያ ላይ ባሳለፈችው ኮድ አዲስ ትልልቅ አፓርትመንቶች ክፍል ለማሞቅ ጋዝንም ሬዚስታንስንም እንዲተዉ አድርጋለች፣ ጥሩ ነው፣ ግን እዛ አዲስ ህንፃ ውስጥ ማን ነው የሚከራየው፣ እማማ አይደሉም።

ለእሳቸው ያደረግኩት ሶስት ነገር ነው። ሶፋውን አዞርኩ፣ መስኮቱን ክረምት ክረምት በሚለጠፈው ፕላስቲክ ሸፈንኩ፣ ሌላው ደግሞ የዩቲሊቲ ዲስካውንት ፕሮግራም ፎርም ሞላሁላቸው። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዛት ይገርመኛል፣ ሲያትል ውስጥ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው የመብራት ቢሉ ላይ 60 ፐርሰንት፣ ውሃና ቆሻሻ ላይ 50 ፐርሰንት ይቀነስለታል። እማማ እዛ ቤት ብዙ ክረምት ሙሉውን ሲከፍሉ ኖረዋል። አዘጋጆች፣ ለሪል ስቴትና ለኢንሹራንስ ከምትሰጡት ገፅ ላይ አንዷን ጥግ ቆርጣችሁ ይሄን በደንብ በአማርኛ ብታወጡት ከኔ ደብዳቤ የበለጠ ይጠቅማል።

እናቴን ረስቼ እንዳልጨርስ። ቤቱ አልቆ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ሚኒ ስፕሊቱን ቀና ብላ አይታ «ነፋስ ነው እንዴ የሚያሞቀው?» አለች። የደብረ ብርሃን ሰው ናት፣ ብርድ ታውቃለች፣ ለሷ ሙቀት ማለት እጅህን ዘርግተህ የምትሞቀው ነገር ነው፣ ፍም መሆን አለበት። ከላይ ለብ ያለ ነፋስ ሲመጣባት ጋቢዋን አጥብቃ መኝታ ቤት ትገባና የቤዝቦርዱን ቴርሞስታት እስከመጨረሻው ትጠመዝዘዋለች፣ በሩን ከፍታ። የመጀመሪያው ወር ቢል ሲመጣ ልወድቅ ነበር፣ ይሄ ነው ቆጣቢው ማሽን ብዬ። ከዛ ነው የገባኝ፣ መኝታ ቤቱ 75 ሳሎኑ 68 ፋራናይት ከሆነ ቤዝቦርዱ ነው ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀው፣ ሚኒ ስፕሊቱ ሳሎኑ ሞቋል ብሎ ቁጭ ይላል። አሁን መኝታ ቤቶቹን 62 ላይ አድርጌ ሳሎኑን 70 ላይ ተክዬዋለሁ፣ በር ክፍት፣ ማታም አይጠፋም፣ ሂት ፓምፕ አጥፍቶ ማብራት አይወድም ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው የሚቆጥበው። ቢሉ በግማሽ ወረደ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ ማሽኑን ከመርገማችሁ በፊት መጀመሪያ መኝታ ቤት ገብታችሁ ቴርሞስታቱን እዩ።

እሷን የማረካት ግን ሙቀቱ አልነበረም። ከመምጣቷ በፊት በነበረው አመት፣ ጁን 28 ቀን 2021፣ ሲያትል 108 ፋራናይት ገብታ ነበር፣ 42 ሴንቲግሬድ ማለት ነው፣ በዛ ሰሞን ሙቀት በስቴቱ ከመቶ ሰው በላይ ሞቷል፣ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ያለው ማሞቂያ እንጂ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ቤዝቦርድ በጋ ላይ ጌጥ ነው። እሷ በመጣች በመጀመሪያው በጋ አንድ ቀን ከስራ ስመለስ ሚኒ ስፕሊቱን ወደ ቅዝቃዜ አዙራ፣ ከስሩ ወንበር አድርጋ፣ ከጎረቤት አሮጊቶች ሁለቱን ጠርታ ቡና እያፈላች አገኘኋት። ሪሞቱን በፌስታል ጠቅልላ በላስቲክ አስራዋለች፣ እንዳይቆሽሽ ነው። ልነካው ስል እጄን መታችኝ።